መሀል አዲስ አበባ፦ አፈሩ አስፋልት ሲሆን ሙቀቱ ምን ይሆናል? እንዴትስ ይለካል?

ግንፍሌ ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ከ4 ኪሎ በካዛንቺስ በኩል እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን የመሬት ሽፋን ለውጥ ከሙቀቱ ጋር አያይዤ ለማጥናት እየተዘጋጀሁ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአፈር ግቢና የጓሮ ዛፍ የነበረው ሰፈር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፊሉ ሰፊ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ፣ ከፊሉ ሳርና መናፈሻ ሆኗል። ከፊሉ ደግሞ ገና በግንባታ አጥር ውስጥ ነው።

ሦስት ነገር ላይ ተይዣለሁ። አንደኛ፣ ከጥር ወር የላንድሳት ሳተላይት ምስል ያወጣሁት የሙቀት ካርታ መሀል ከተማውን ከአቃቂ አቅጣጫ ካለው የእርሻ ማሳ ቀዝቃዛ አድርጎ ያሳየኛል፤ እንጦጦ ደግሞ ከሁሉም በጣም ይቀዘቅዛል። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ «የከተማ ሙቀት ደሴት» የሚባለው (ከተማው ከዙሪያው ገጠር ይበልጥ መሞቁ) የለም ማለት ነው? ሁለተኛ፣ የአየር ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ 6 ትንንሽ ሴንሰሮች አሉኝ፤ የት የት ልስቀላቸው? ሦስተኛ፣ ፕላኑ ላይ ሳሩም ዛፉም አንድ ቀለም ተቀብቶ «አረንጓዴ ቦታ» ይባላል። ለሙቀት ሁለቱ እኩል ናቸው?

---

ረፋድ 4 ተኩል

ካርታህ ልክ ነው። ግን የጠየቅከውን ጥያቄ የሚመልስ ካርታ አይደለም።

ላንድሳት የሚያየው የገጽ ሙቀትን ነው፤ የጣሪያውን፣ የአስፋልቱን፣ የቅጠሉን ቆዳ። ሰው የሚተነፍሰውን አየር አያይም። አዲስ አበባ ላይ የሚያልፈውም ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 4:45 ገደማ ነው። በጥር ወር በዚያ ሰዓት የአቃቂ ማሳ ምን እንደሚመስል አስበው። ሰብሉ ታጭዷል፣ ጥቁሩ ዋልካ ተሰነጣጥቋል፣ የሚተን ውሃ የለውም። ደረቅና ልል አፈር ሙቀትን ወደ ታች አያስገባም፤ የወረደበት ፀሐይ ሁሉ ላዩን ብቻ ስለሚያግለው ጠዋት ቶሎ ይፈላል። ሲሚንቶና አስፋልት ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ እየሳቡ ያጠራቅማሉ፤ ረፋድ ላይ ገና አልሞቁም። በዚያ ላይ የሕንፃ ጥላ አለ። ስለዚህ በበጋ ረፋድ ከተማው ከማሳው ቢቀዘቅዝ አይግረምህ። ያው ካርታ ማሳው አረንጓዴ በሆነበት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ቢሠራ ተራው ይገለበጣል። የከተማው ሙቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያወዳደርከው ገጠር ነው።

አሠራሩ ላይ፦

አዲስ አበባን የሚይዘው ምስል በላንድሳት አከፋፈል መንገድ (path) 168፣ ረድፍ (row) 54 ነው። «ኮሌክሽን 2፣ ሌቭል 2» የሚለውን የመረጃ ዓይነት ውሰድ፤ የገጽ ሙቀቱ ተሰልቶ ይመጣል። የፒክሰሉን ቁጥር በ0.00341802 ታባዛለህ፣ 149 ትደምራለህ፣ ኬልቪን ይሰጥሃል፤ 273.15 ስትቀንስ ሴልሺየስ። ለምሳሌ 45,000 የሚል ፒክሰል 29.7 ዲግሪ ይሆናል። ቁጥሩን እንዳለ እንደ ዲግሪ ወስዶ በአንድ ሺህ የሚያካፍል ሰው አጋጥሞኛልና ነው የማብራራው። የደመናና የደመና ጥላ ማጣሪያውን ሳታስቀር ተጠቀም። የክረምት ምስል ከደመናው ብዛት የተነሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጊዜህን አታባክን።

ላንድሳት 8 እና 9 ተጋግዘው በየ8 ቀኑ ያልፋሉ። ስለዚህ «በፊት» እና «በኋላ» ለምትለው ለእያንዳንዱ ዘመን ከአንድ ወቅት ቢያንስ 3 ጥርት ያሉ ምስሎች ወስደህ መካከለኛውን ዋጋ አውጣ። አንድ ምስል ከአንድ ምስል ጋር ማወዳደር ከሦስት ቀን በፊት የዘነበ ካፊያ የሚያጠፋው ውጤት ነው የሚሰጥህ። ዓመቱንም ተመልከት፦ ከ2015 ክረምት እስከ 2016 ሚያዝያ አካባቢ ኤልኒኞ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር ንብረት መዛባት) ነበር፤ የሰፈሩ ፈረሳ የተጀመረው በዚሁ መሀል ነው። «ከመፍረሱ በፊት» ብለህ ያንን ዓመት ብቻ ከያዝክ የኤልኒኞን ሥራ ለአስፋልት ታሸክመዋለህ። ከ2010 እስከ 2014 ያለውን አንድ ላይ መውሰድ ይሻላል።

ፍጹም ዲግሪውንም አታወዳድር። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ለብዙ ዓመት ያልተነካ አንድ ሰፊ ቦታ ምረጥ፤ ያረጀ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያለበት ግቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሌላው ሁሉ ላይ የእሱን ሙቀት ቀንስ። የቀኑ አየር የጋራ ስለሆነ ይሰረዝልሃል።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ፤ ቆርቆሮ። ሳተላይቱ ሙቀትን የሚያውቀው ገጹ ከሚያመነጨው ጨረር ነው። አፈር፣ ሲሚንቶ፣ ቅጠል ሊያመነጩ ከሚችሉት ከ90 በመቶ በላዩን ያመነጫሉ። አዲስ ቆርቆሮ ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሰማዩን ቅዝቃዜ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። እጅህን የሚያቃጥል ቆርቆሮ በካርታው ላይ ቀዝቃዛ ይመስላል። ሲዝግ ደግሞ የማመንጨት አቅሙ ከፍ ይላል። ስለዚህ የቆርቆሮ ሰፈር ፈርሶ አስፋልት ሲሆን ካርታው «ሞቀ» ቢልህ፣ የሞቀው ስንቱ እውነት፣ ስንቱ የቆርቆሮው ማታለል እንደሆነ መለየት አለብህ። የማመንጨት አቅሙን በ1 በመቶ ብትስት ወደ ግማሽ ዲግሪ ትስታለህ። ካርታው ላይ ቆርቆሮ የሚበዛበትን ፒክሰል ለብቻ ምልክት አድርግበት፤ ከድምዳሜህም አውጣው።

የመጨረሻው፦ የሙቀት ባንዱ (ሳተላይቱ ሙቀት የሚያነብበት ክፍል) የእውነት ጥራት 100 ሜትር ነው። ወደ 30 ሜትር ተመንዝሮ ስለሚሰጥህ አትሞኝ። የግንፍሌ ዳር 20 ሜትር የዛፍ ሰቅ በዚህ አይታይም።

---

የዝናብ መለኪያ

ከላይ የተባለው ገጹን በሚመለከት በቂ ነው። እኔ ወደ አየሩ ልመለስ።

በመጀመሪያ እንጦጦን ከሂሳብህ አስወጣው። ከመስቀል አደባባይ ወደ 700 ሜትር ከፍ ይላል። ቀን ላይ አየር በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እንጦጦ ላይ አንድም ዛፍ ባይኖር እንኳ ወደ 4 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዝ ነበር። «ጫካው ከተማውን ይህን ያህል ያቀዘቅዛል» እየተባለ የሚቀርበው ልዩነት አብዛኛው ከፍታ ነው። 4 ኪሎም ከመስቀል አደባባይ ከፍ ስለሚል በመቶ ሜትር ውስጥ ያለችውን ግማሽ ዲግሪ አትናቃት፤ አንተ የምትፈልገው የመሬት ሽፋን ውጤት መጠኑ ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ሌሊት ላይ ግን ያቺ 0.65 አትሠራም። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ሲተኛ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ቀዝቅዞ አየሩ ይከብድና በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡና በቁርጡሜ ሸለቆዎች ቁልቁል እንደ ውሃ ይፈሳል። ወንዙ ዳር ያለው ቦታ ከፍ ካለው ሰፈር ይበልጥ ይበርዳል። ስለዚህ የሌሊቱን ልዩነት በቀመር አታስተካክለው፤ በእኩል ከፍታ ያለ ማወዳደሪያ ፈልግ። በምሥራቅ በኩል ከአያት ማዶ ያለው ሜዳ ይሆናል፤ ከፍታውን በካርታ አረጋግጥ።

የሙቀት ደሴት ማለት በዋናነት የሌሊት ነገር ነው። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሲሚንቶ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 ሜጋጁል ይለቃል። 10 ሰዓት ለሚረዝም ሌሊት ብታካፍለው 55 ዋት ነው። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ሰማይ ከመሬት የሚወስደው ወደ 80 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ንጣፉ ብቻውን ከግማሽ በላዩን ይተካል ማለት ነው። ግራና ቀኝ ረጅም ሕንፃ ሲቆም ደግሞ መንገዱ የሚያየው ሰማይ ይጠባል፤ ሙቀቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ይቆያል። ሰፊው መስቀል አደባባይና ጠባብ የካዛንቺስ መንገድ አንድ ዓይነት አስፋልት ቢኖራቸውም ሌሊታቸው የማይመሳሰለው ለዚህ ነው።

ሴንሰሮቹን ከመስቀልህ በፊት ስድስቱንም አንድ ቦታ፣ በእጅ ስፋት ርቀት ጎን ለጎን አድርገህ ለ7 ቀን አስቀምጣቸው። የስድስቱን አማካይ አውጣና እያንዳንዱ ከአማካዩ የሚለይበትን መዝግብ፤ በኋላ ከንባቡ ላይ ትቀንሰዋለህ። ርካሽ ሴንሰር እርስ በርሱ እስከ ግማሽ ዲግሪ ይለያያል፣ አንተ የምትፈልገውም ልዩነት እሱን ያህል ነው። ይህን ያልሠራ መረጃ ቢጣል ይሻላል። ሥራው ሲያልቅም ድገመው፤ ይዛነፋሉና።

የሴንሰሩ የፀሐይ መከለያ ነጭ መሆን አለበት። ከ6 እስከ 8 ነጭ የፕላስቲክ ሳህን መሀሉን ቀድደህ በረጅም ብሎን ደርድር፣ በመሀላቸው 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ተው፣ የላይኛው አይቀደድ። ሴንሰሩ መሀል ይንጠልጠል፤ ሳህኑን አይንካ። ይህ መከለያ ነፋስ በሌለበት ጠራራ ፀሐይ 1 ወይም 2 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነባል። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ (ግፊቱ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው) ፀሐዩ ይበረታል፣ ከሴንሰሩ ሙቀት የሚወስደው አየርም ያንሳል። እንግዲህ የቀኑን ንባብ በጥርጣሬ፣ የሌሊቱን በእምነት ያዝ።

ከፍታው በደንቡ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ግን እንዳይነካካ 3 ሜትር ላይ፣ ሁሉንም እኩል። ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር በሚያርቅ ክንድ ይንጠልጠሉ። ከጄኔሬተር፣ ከዳቦ ቤት ጭስ መውጫና ከኤሲ ጀርባ ራቅ። ምዝገባው በየ10 ደቂቃው ይሁን። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አንድ አድርገው፤ አንዱ ፋይል «7፡00» ብሎ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላው ጠዋት ሲል ስድስት ሰዓት የተዛነፈ የሙቀት ደሴት ታገኛለህ!

ቦታው፦ አንዱ ከ4 ኪሎ በላይ ዛፍ በበዛበት ግቢ፣ አንዱ ግንፍሌ ሸለቆ ውስጥ፣ አንዱ ካዛንቺስ በሕንፃ መሀል፣ አንዱ አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር፣ አንዱ የሸራተን ማዶ ባለው መናፈሻ አካባቢ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ማወዳደሪያው። ከኅዳር እስከ ጥር ይቆዩ። ስትተነትን ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በታች የሆነበትንና ደመና የሌለበትን ሌሊት ብቻ ለይ፤ ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለውን አማካይ አንድ፣ ንጋት 11 ሰዓት ያለውን ሌላ አድርገህ ያዝ። የተቀላቀለ የወር አማካይ ምልክቱን ያሟሟዋል።

አንድ የግል አስተያየት፦ አዲስ አበባ ካርቱም አይደለችም። የኅዳር ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ በሚወርድበት ከተማ ሁለት ዲግሪ መጨመሩን በብርድ የሚንቀጠቀጥ ጥበቃ አይጠላውም። ጥናትህ «ሞቀ፣ ስለዚህ ክፉ ነው» ከሚለው ይልቅ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር እግረኛው ላይ የሚወርደውን ጨረር ቢመለከት ይጠቅማል።

---

ዋንዛ ተካይ

በዚህ የመጨረሻ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሳርና ዛፍም የሚለዩት እዚያው ላይ ነው።

አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ12 ደቂቃ የሚያወጣው ሙቀት ነው። በበጋ በደንብ የሚጠጣ ሳር በቀን ከካሬ ሜትሩ ወደ 4 ሊትር ያተናል፣ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በቀን ከሚወርደው ፀሐይ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለ1 ሄክታር በየቀኑ 40,000 ሊትር ነው። ቧንቧው በተዘጋ በሳምንቱ ሳሩ ቢጫ ሆኖ የሚወስደው ሙቀት ይቀራል፤ ከደረቅ አፈር ብዙም አይለይም። ሳር ጥላም የለውም። በቀትር ሳር ላይ የቆመ ሰው ፀሐዩን እንዳለ ነው የሚቀበለው።

ዛፍ ከአየሩ ሙቀት የሚቀንሰው አንድ ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከጥላው ሥር የገባ ሰው ላይ የሚያርፈው ጨረር ግን በብዙ እጅ ይወርዳል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ፀሐዩ ብርቱ በሆነበት ከተማ ምቾትን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ በቴርሞሜትር ብቻ ከለካህ ዛፉን ትበድለዋለህ። ፒንግ ፖንግ ኳስ ግራጫ ቀለም ቀብተህ ውስጡ ሴንሰር አድርግ፤ አንዱን ጥላ ሥር፣ አንዱን ፀሐይ ላይ። የኳሱ ሙቀት ጨረሩን ይነግርሃል።

ዛፍ ሁሉ ዛፍ አይደለም። ዘንባባ ለፎቶ እንጂ ለጥላ አይሆንም። ብሳና በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ፀሐዩ በበረታበት ጊዜ ባዶ ነው፤ ዋንዛም በከፊል እንደዚያው (ስሜ ዋንዛ ተካይ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው)። ወይራና ዝግባ ቅጠላቸው አይረግፍም፣ ግን ዕድገታቸው ትዕግሥት ይጠይቃል። ግራቪሊያ ፈጣን ነው፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል። ዋርካና ሾላ ሰፊ ሜዳ ከሌለ፣ ከውሃ መስመር ካልራቁ አይታሰቡም።

አሁን ብዙ የሚበላሸው ነገር ጉድጓዱ ነው። መንገዱ ሲሠራ ቀዩ አፈር ይወጣና ገረጋንቲ ይሞላል፤ በሮለር ይጠቀጠቃል። ከዚያ ንጣፉ መሀል 1 በ1 በ1 ሜትር ተቆፍሮ ችግኝ ይተከላል። ሂሳቡን እንየው። አክሊሉ (የቅርንጫፉና የቅጠሉ ስፋት) 6 ሜትር የሆነ ዛፍ 28 ካሬ ሜትር ያጠላል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 0.6 ሜትር ኩብ ልል አፈር ይፈልጋል፣ ወደ 17 ሜትር ኩብ ይመጣል። እንዲህ ያለ ዛፍ በቀን ወደ 80 ሊትር ያተናል። ጥሩ አፈር ከይዘቱ 15 በመቶ ያህሉን ለሥር የሚሆን ውሃ ይይዛል። 17 ሜትር ኩብ 2,500 ሊትር ይይዛል፣ አንድ ወር ያዘልቃል። 1 ሜትር ኩብ 150 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ቀን አይሞላም። ዛፉ ሁለተኛው ቀን ላይ የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፤ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ሳተላይቱ አረንጓዴ ያየዋል፣ ቴርሞሜትሩ ግን አያየውም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ጫፉ ይደርቃል፣ ወይም ሥሩ ንጣፉን ያነሳዋል።

መፍትሔው የተናጠል ጉድጓድ ትቶ ተከታታይ ቦይ መቆፈር ነው፦ ወርዱ 2.5፣ ጥልቀቱ 0.9፣ ለአንድ ዛፍ ርዝመቱ 7.5 ሜትር። የቦዩ ግርጌ የተጠቀጠቀ ከሆነ በዶማ ይፈርፈር፤ ካልሆነ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል። ከላይ በሲሚንቶ ሳይታሸግ ኮብልስቶን በአሸዋ ይደረደርበት። ከርብስቶኑ በየ5 ሜትሩ ይከፈትና የመንገዱ ጎርፍ ወደ ቦዩ ይግባ። ለአዲስ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት 40 ሊትር በሁለት ጊዜ፣ በዝግታ። በቦቴ ሽቅብ የሚረጨው ውሃ ላዩን አርጥቦ ነው የሚሄደው።

የትኛው ጎን ይተከል ለሚለው፦ እንደ ቸርችል ጎዳና ከሰሜን ደቡብ በሚሄድ መንገድ የከሰዓቱ ፀሐይ የሚመታው ምሥራቁን የእግረኛ መንገድ ስለሆነ ቅድሚያ ለእሱ። ከምሥራቅ ምዕራብ በሚሄደው ደግሞ በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የደቡቡን ዳር ሕንፃው ያጠላዋል፤ ዛፍ የሚፈልገው ሰሜኑ ነው።

«የዝናብ መለኪያ» ሸለቆው የቅዝቃዜ ቦይ ነው ካለ፣ እዚያ ዛፍ መጠቅጠቅን ይቃወማል መሰለኝ?

---

የዝናብ መለኪያ

በከፊል። ወንዙ ግርጌ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዛፍ ከሞላኸው የሚፈሰውን ቀዝቃዛ አየር ያቆመዋል። መሀሉን 20 ወይም 30 ሜትር በሳርና በቁጥቋጦ ክፍት ትተህ ዛፉን በተዳፋቱ ላይ አድርገው። ከዛፍ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሸለቆውን አቋርጦ የሚቆም ረጅም ሕንፃ ነው፤ ዛፍ ይገረዛል።

---

ዋንዛ ተካይ

ተዳፋቱ ላይ የተተከለ ዛፍ ዳገቱ እንዳይናድም ይይዛል፣ ተስማምቻለሁ። ግን ዳሩ ላይ አንድ ረድፍ ይቅር አልልም፤ ዳሩ ከተበላ ቀጥሎ የሚመጣው የሲሚንቶ ግንብ ነው።

---

ቡልቡላ ማዶ

አንድ ነገር ልጨምር። ዛፍ ስንተክል ዝናብ ይመጣል ይባላል። ድሮ አገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበረች፣ ስለተጨፈጨፈ ነው ዝናቡ የጠፋው ሲባል ነው ያደግነው። ይህ ከሙቀቱ በላይ ሊጠና አይገባም?

---

የዝናብ መለኪያ

ሁለቱን እንለያይ።

40 በመቶ የሚለው በመለኪያ የቆመ ቁጥር አይደለም። በዚያ ዘመን አገሩን የዞረ የደን ቆጠራ አልነበረም። አዲስ አበባ ዙሪያን በተመለከተ እንዲያውም እንጦጦ በምኒልክ ዘመን በማገዶና በግንባታ እንጨት ተራቁቶ ስለነበር ነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው። አሁን ያለውንም ቁጥር ስታወዳድር ፍቺውን እይ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 አገሪቱ የደን ፍቺዋን ቀይራ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ አክሊል ያለውን ስታካትት ድርሻው ወደ 15.5 በመቶ አለ። የተጨመረው ደን ሳይሆን ፍቺው ነው፤ ከድሮው አነስተኛ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «አደገ» ማለት አይቻልም።

ዝናቡን በሚመለከት፦ ከቅጠል የወጣ ተን ዝናብ ሆኖ እስኪወርድ በአማካይ 8 ወይም 9 ቀን አየር ላይ ይቆያል። በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በአንድ ቀን ብቻ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል። የእንጦጦ ዛፍ ያተነፈሰው የእንጦጦ ዝናብ ይሆናል ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ውሃ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል ተጉዞ የሚመጣ ነው፤ ክረምቱ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚጠየቀው ኤልኒኞ ነው፣ በ2007 እንደሆነው። የመሬት ሽፋን በዝናብ ላይ የሚታይ ሥራ የሚሠራው በመቶዎችና በሺዎች ኪሎሜትር ስፋት ሲለወጥ ነው፤ የኮንጎ ደን ጉዳይ ከመናፈሻዎቻችን ሁሉ ይልቅ ለክረምታችን ያገባዋል።

ይልቅ የሽፋኑ ለውጥ በእርግጠኝነት የቀየረው ከወረደ በኋላ ያለውን ነው። በሰዓት 50 ሚሊሜትር የሚወርድ ዝናብ ከ1 ሄክታር ልል አፈርና ሳር ላይ በሰከንድ 35 ሊትር ያህል ያፈሳል። ያው ሄክታር አስፋልት ሲሆን 125 ሊትር። የዝናቡ መጠን አልጨመረም፤ ባንተይቀጡ ግን እንደጨመረ ያህል ይሞላል። ገረጋንቲ ላይ የተነጠፈ ሳርም ከአስፋልቱ ጋር ይመደብ ማለት ይቀለኛል።

---

ግንፍሌ ዳር

ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አደርጋለሁ፦ ላንድሳቱን በጥቅምት መጀመሪያ ምስሎች ብቻ፣ ከ2010–2014 እና ከ2017 ወዲህ፣ ቆርቆሮ የበዛበትን አውጥቼ። ሴንሰሮቹን ከኅዳር 8 እስከ 15 ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተካክልና በ16 እሰቅላለሁ። ጉድጓዶቹን ደግሞ ጥልቀታቸውን ለክቼ ከዛፉ አክሊል ጋር በሰንጠረዥ አያይዛለሁ። ኳሱንም ሞክራለሁ።

---

የዝናብ መለኪያ

ቀኑን ቀይር። ኅዳር 12 መሀል ላይ ገብታለች። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፣ ንጋት ላይ አየሩ ስለተኛ ጭሱ ሸለቆውን ሞልቶ ይቆያል፤ ከሴንሰሮችህ አንዱ ለእሳት ቀርቦ ቢገኝ የ7 ቀኑን ማስተካከያ ያበላሸዋል። ከጥቅምት 25 ጀምረህ ኅዳር 2 ጨርስ፣ በ3 ስቀል።

ኅዳር 12 ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግን ካሜራ ይዘህ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ውጣ። ጭሱ የት ላይ እንደተኛ፣ በየትኛው ሸለቆ ቁልቁል እንደሚሄድ፣ የትኛው ሕንፃ ጋ ሲደርስ እንደሚቆም በየ5 ደቂቃው አንሳ። የቀዝቃዛውን አየር መንገድ በነፃ የሚሥልልህ ከዚያ ቀን ሌላ የለም።